በረኛው ሰርቨርና የነጋዴው ትእዛዝ

የሆሳዕና ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን ለማደስ፣ ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ዕቃ ለማዘዝ፣ ወይም በደቡብ አፍሪካ የሚኖር ወንድሙ የላከለትን ገንዘብ ለመከታተል፣ እንደ ቀድሞው ዘመን 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ሁልጊዜ ግድ አይሆንበትም። ከሱቁ ሳይወጣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጉዳዩን መጨረስ ይችላል። የዱራሜውም፣ የሺንሺቾውም፣ የሾኔውም፣ የሆመቾውም ባለ ሱቅ እንደዚሁ ነው። ይህ ለንግድ ሥራ እጅግ የሚያስደስት መሻሻል ቢሆንም፣ ነጋዴውን ደጋግሞ የሚያስጨንቀው አንድ ነገር አለ። ይኸውም የክፍያውን ቁልፍ ተጭኖ መልስ ሲጠባበቅ፣ በስልኩ መስኮት ላይ 502፣ 503 ወይም 504 የሚል ቁጥር ብቻ ብቅ ሲል ነው። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ዕቃው ታዟል ወይስ አልታዘዘም? እንደ ገና ይጫነው ወይስ ይተወው?

አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ኔትወርክ የለም» የሚል ነው። ፍርዱ ግን ስሕተት ነው። ኔትወርክ ባይኖር ኖሮ ቁጥሩ ራሱ ባልመጣ ነበር። የቁጥሩ መታየት የሚያስረዳው፣ የነጋዴው ጥያቄ ከሆሳዕና ተነሥቶ፣ የስልኩን መሥመር አልፎ፣ እስከ ድርጅቱ በር ድረስ በደኅና መድረሱን ነው። ችግሩ የተፈጠረው ከበሩ ወዲያ፣ በረኛው ጉዳዩን ወደ ውስጥ ለማስተላለፍ በሞከረበት ስፍራ ነው። ስለዚህ በረኛ ጥቂት ነገር ማወቅ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ ከመክፈል የሚያድን ዕውቀት ስለሆነ ለነጋዴውም ይገባዋል።

በበሩና በጓዳው መካከል

ሆሳዕና የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ በጠቅላይ ግዛት ያለ ነጋዴ አዲስ አበባ ካለው ደንበኛው ጋር በስልክ ለመነጋገር ሲፈልግ በመካከል የስልክ ማዞሪያ ነበረ። ነጋዴው ቁጥሩን ለማዞሪያዋ ሠራተኛ ይነግራታል፤ እርሷም ገመዱን ሰክታ ታገናኘዋለች። ሳይገናኝ ቢቀር ምክንያቱን ትነግረዋለች። አንድ ጊዜ «ተይዟል» ትላለች፤ ሌላ ጊዜ «ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም» ትላለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «መሥመሩ ተበላሽቷል» ትላለች። ነጋዴውም እንደ መልሱ ዐይነት ይጠብቃል፣ ወይም ደብዳቤ ይጽፋል፣ ወይም በማግሥቱ አውቶቡስ ይሳፈራል።

የዛሬው ድረ ገጽ አሠራር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ብዙ ሕዝብ የሚያገለግል ድረ ገጽ ሁሉ ማለት ይቻላል በፊት ለፊቱ አንድ ዌብ ሰርቨር ያቆማል። ከደንበኛው ጋር የሚነጋገረው እርሱ ብቻ ነው። ሒሳቡን የሚያሰሉት፣ የዕቃውን መዝገብ የሚያገላብጡት፣ ክፍያውን የሚጽፉት ግን ከኋላው የተደረደሩት አፕሊኬሽን ሰርቨር የሚባሉት ናቸው። በትልቅ የጅምላ ንግድ ቤት ውስጥ እንደሚታየው ማለት ነው፤ በባንኮኒው ላይ ያለው ጸሐፊ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ዕቃውን የሚያወጡትና በመዝገብ የሚያሰፍሩት ግን በጓዳ ያሉት የመጋዘን ሠራተኞች ናቸው። ደንበኛው ጓዳውን አያየውም፤ ሊያየውም አይገባውም።

የፊት ለፊቱ ሰርቨር ጉዳይን ወደ ጓዳ የሚያስተላልፈው ፕሮክሲ በሚባል ተቀጥላ አማካይነት ነው። የቃሉ ትርጉም ወኪል ማለት ነው። በጉምሩክ ትራንዚተር ያለው አስመጪ የወኪል ነገር እንግዳ አይሆንበትም፤ ጥሩ ወኪል ምን ያህል ድካም እንደሚያቀል፣ ሥልጣኑ በጽሑፍ ያልተወሰነለት ወኪል ደግሞ ምን ያህል ዕዳ እንደሚያመጣ ያውቃል።

ከበረኞቹ መካከል ስመ ጥሩዎቹ ሁለት ናቸው። አፓቼ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ፤ ኤንጂንኤክስ የተባለውን ደግሞ ኢጎር ሲሶዬቭ የተባለ ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ አቀረበው። በጓዳ በኩል ቶምካት፣ የኦራክል ዌብሎጂክና የአይ.ቢ.ኤም. ዌብስፊር በትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ዌብሎጂክና ዌብስፊር በአፓቼ ላይ የሚሰካ የየራሳቸው ተቀጥላ አላቸው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው።

በበረኛው ላይ የሚጻፈው ቅንብር ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አይበልጥም። የትኛው አድራሻ ወደ ጓዳ እንደሚተላለፍ፣ በጓዳ ስንት ሰርቨሮች እንዳሉና በየትኛው የወደብ ቁጥር እንደሚጠሩ፣ መልስ እስኪመጣ ስንት ሴኮንድ እንደሚጠበቅ፣ አንዱ ዝም ቢል ጉዳዩ ለሌላው ይሰጥ እንደሆነ ወይም አይሰጥ እንደሆነ ይጻፍበታል። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ በመልኩና በቀለሙ ላይ ወራት ይደክማል፤ ይህችን ገጽ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከሌላ ሥራ ላይ እንዳለች ቀድቶ ይጨርሳታል። የነጋዴው ገንዘብ የተንጠለጠለው ግን በዚህች ገጽ ላይ ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች

503 የሚለው ቁጥር ማዞሪያዋ «ተይዟል» እንደምትለው ነው፤ በጓዳ ለጊዜው ሥራ የሚቀበል አልተገኘም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ትእዛዙ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጓዳ አልገባምና ጥቂት ቆይቶ መሞከር ይቻላል። ይልቁንም አፓቼ አንድን የጓዳ ሰርቨር አንድ ጊዜ ጠርቶ ካጣው፣ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር፣ ለ60 ሴኮንድ እንደ ገና ሳይጠራው ይቆያል። ስለዚህ ጓዳው ቢነሣም በረኛው እስከ አንድ ደቂቃ ድረስ «የለም» ማለቱን ሊቀጥል ይችላል። በየሁለት ሴኮንዱ መጫን ምንም አይጠቅምም።

502 ማለት በረኛው የጓዳውን ሰርቨር ጠርቶ መሥመሩ ተቋርጦበታል፣ ወይም ሊገባው የማይችል መልስ አግኝቷል ማለት ነው።

504 «ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፤ አሳሳችነቱም በዚህ ላይ ነው። ስልክ ያልተነሣለት ሰው መልእክቱ እንዳልደረሰ እርግጠኛ ነው። 504 ያየ ሰው ግን ይህ እርግጠኝነት የለውም። በረኛው ትእዛዙን ለጓዳው አስረክቦ ሊሆን ይችላል፤ ያጣው መልሱን ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ የጓዳው ሰርቨር ትእዛዙን በመጻፍ፣ ገንዘቡን በመቁረጥ ላይ ይሆናል። ስለሆነም 504 «አልተፈጸመም» ማለት ሳይሆን «በረኛው መጠበቅ ሰልችቶታል» ማለት ነው። 502ም መሥመሩ የተቋረጠው ትእዛዙ ከገባ በኋላ ከሆነ እንዲሁ ያሳስታል።

ኤንጂንኤክስ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር ከጓዳው ድምፅ ሳይሰማ የሚጠብቀው 60 ሴኮንድ ነው። አፓቼም እንደዚሁ 60 ሴኮንድ ነው። የዌብሎጂክ ተቀጥላ 300 ሴኮንድ ይጠብቃል። አሁን የጓዳው ሰርቨር ክፍያውን ለማረጋገጥ ባንክን ጠየቀ እንበል፤ ባንኩም በ75ኛው ሴኮንድ «ተከፍሏል» ብሎ መለሰ። በረኛው ግን በ60ኛው ሴኮንድ ለደንበኛው 504 ሰጥቶ በሩን ዘግቷል። ገንዘቡ ተቆርጧል፤ ደንበኛው ግን አልተሳካም ተብሏል። በዚህ ጉዳይ ባንኩም፣ የጓዳው ሰርቨርም፣ ኔትወርኩም የፈጸሙት ስሕተት የለም። ስሕተቱ የሁለት ቁጥሮች አለመጣጣም ነው።

ስለዚህ የመጠበቂያው ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ እየረዘመ መሄድ አለበት። ለምሳሌ ያህል የጓዳው ሰርቨር ባንኩን የሚጠብቀው 30 ሴኮንድ ከሆነ፣ በረኛው ጓዳውን የሚጠብቀው 45 ሴኮንድ ቢሆን፣ ባንኩ በዘገየ ጊዜ ጓዳው ራሱ «ክፍያዎ በመጣራት ላይ ነውና እንደ ገና አይክፈሉ» የሚል የሚነበብ መልስ ለደንበኛው ለመስጠት ይበቃዋል። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው አንድ መሥመር መጻፍ ብቻ ነው፤ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

ትእዛዙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት

ከዚህ የከፋው ግን በረኛው ቆሞ ከመጠበቅ አልፎ በራሱ ሥልጣን ሲሠራ ነው።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች፣ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆች በሚልኩት ገንዘብ አያሌ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ስለዚህም ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ብረት ብዙ ገዢ አላቸው። አንድ የሆሳዕና የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ በአዲስ አበባ ካለ ጅምላ ሻጭ በድረ ገጽ 200 ቆርቆሮ አዘዘ እንበል። ትእዛዙ ወደ አንደኛው የጓዳ ሰርቨር ገባ። ሰርቨሩም ትእዛዙን መዘገበ፣ ክፍያውን ቆረጠ፤ መልሱን ሊሰጥ ሲል ግን ሥራ በዝቶበት ዘገየ። በረኛው የተሰጠውን ጊዜ ጠብቆ «ይህኛው ሰርቨር ሞቷል» ብሎ ፈረደ፤ ያንኑ ትእዛዝ ሳይለውጥ ለሁለተኛው ሰርቨር ሰጠ። ሁለተኛውም እንደ አዲስ ተቀብሎ መዘገበው፣ ክፍያውንም ቆረጠ፤ በፍጥነትም «ተፈጽሟል» ሲል መለሰ። ነጋዴው ያየው አንድ «ተፈጽሟል» ብቻ ስለሆነ ደስ ብሎት ስልኩን አስቀመጠ።

ከሁለት ቀን በኋላ የጅምላ ሻጩ ጸሐፊ ይደውላል።

«ጋሼ፣ 400 ቆርቆሮዎ ተጭኗል፤ መኪናው ሆሳዕና ሲደርስ የሚያራግፍ ሰው ያዘጋጁ።»

«400 ማን አዘዘ? እኔ ያዘዝኩት 200 ነው፤ የተጫንኩትም አንድ ጊዜ ነው።»

«መዝገቡ ላይ ያለው ሁለት ትእዛዝ ነው፣ ጋሼ። ሰዓታቸውም አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚለያየው።»

ጸሐፊው በልቡ «ሁለት ጊዜ ተጭነው ረስተውት ነው» ይላል። ነጋዴውም በልቡ «ዕቃ ሊያራግፉብኝ ነው» ይላል። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ የብዙ ዓመት ደንበኝነት ግን በዚህ ይሻክራል። ሁለት ጊዜ የሠራውን በረኛ የሚጠረጥር ማንም የለም።

ይህ አደጋ ለባለሙያዎች የተሰወረ አይደለም። የኢንተርኔትን አሠራር ከሚደነግጉት ሰነዶች አንዱ፣ በ2014 ዓ.ም. የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 9110፣ ጥያቄዎችን ቢደጋገሙ ውጤታቸው የማይለወጥ እና ቢደጋገሙ ውጤታቸው የሚለወጥ ብሎ ይለያቸዋል። የስኳር ዋጋ ስንት ነው ብሎ ዐሥር ጊዜ መጠየቅ ማንንም አይጎዳም። ዐሥር ጊዜ ስኳር ማዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ትእዛዝና ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ የሚላኩት «ፖስት» በሚባለው ዐይነት ሲሆን፣ እርሱም ከሁለተኛው ወገን ነው። ደንቡም መካከለኛ ወኪል ይህን ዐይነት ጥያቄ በራሱ ፈቃድ መድገም እንደማይገባው በግልጽ ይከለክላል።

ደንብ መኖሩና ደንብ መጠበቁ ግን ልዩ ልዩ ነገር ነው። ኤንጂንኤክስ አንደኛው የጓዳ ሰርቨር ሲዘገይ «ፖስት»ንም ጭምር ለሁለተኛው አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ይህ የቀረው በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በወጣው 1.9.13 በተባለው እትም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ትእዛዙ አንድ ጊዜ ወደ ጓዳ ከተላከ፣ ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር አይደገምም። ከዚያ በፊት የተተከለና ያልታደሰ ሰርቨር ግን የቀድሞ ጠባዩን እንደያዘ ነው። ደግሞም «ሥራው እንዳይቋረጥ» በሚል ቅን ሐሳብ ፈቃዱን መልሶ የሚጽፍ ባለሙያ አይጠፋም። የዌብሎጂክ ተቀጥላ ደግሞ «አይደምፖተንት» የሚባል መቈጣጠሪያ አለው። መቈጣጠሪያው ከፋብሪካው ሲመጣ ክፍት ነው፤ ትርጉሙም ጥያቄው ቢደገም ጉዳት የለውም ብሎ መገመት ነው። በአፓቼ ላይ ሲሰካ ለእያንዳንዱ አድራሻ ለብቻው መዝጋት ስለሚቻል፣ የዋጋ ዝርዝሩን ገጽ ክፍት ትቶ የክፍያውን ገጽ ብቻ መዝጋት ይቻላል። ይህም አንዲት ቃል መጻፍ ነው።

በረኛው ቢታረምም ነጋዴው ራሱ ሊደግም ይችላል። 504 አይቶ ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው ሁለተኛ መጫኑ አይቀርም፤ ይህን ማንም በረኛ ሊከለክለው አይችልም፤ ለበረኛው ሁለተኛው ጥያቄ እንደማናቸውም አዲስ ጥያቄ ነው። ለዚህ መድኃኒቱን የንግድ ሰው ከቀድሞ ጀምሮ ያውቀዋል። ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ነው። ደንበኛው የትእዛዙን ቅጽ ሲከፍት፣ ገና ምንም ሳይጫን፣ ለትእዛዙ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። በረኛው ደገመውም፣ ሰውየው ሦስት ጊዜ ተጫነውም፣ ቁጥሩ ያው ነው። በመዝገቡም ላይ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይጻፍ ይከለከላል። ሁለተኛው ሲመጣ የጓዳው ሰርቨር አዲስ ክፍያ አይቆርጥም፤ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ቅጂ አውጥቶ ይሰጣል። በካርቦን ደረሰኝ ሲሠራ የኖረ ባለ ሱቅ ይህን ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅበትም። ድረ ገጽ የሚሠራለትን ወጣት «የትእዛዙ ቁጥር የሚወጣው ከመጫኔ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ከመልሱ ብዙ ነገር ይረዳል።

ከቀጭን መሥመር የሚመጣ ጉዳይ

ስለ በረኛው ክፉ ክፉውን ብቻ መናገር ፍትሕ አይሆንም። ለገጠር ከተማ ነጋዴ ትልቅ ውለታ የሚሠራበት ስፍራ አለ።

ከአንጋጫ ወይም ከዶዮገና በደካማ መሥመር የሰነድ ፎቶግራፍ የሚልክ ሰው ለአንዲት ገጽ ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በረኛ ባይኖር ኖሮ የጓዳው ሰርቨር ይህን ሁሉ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር፤ ዐሥር እንዲህ ያሉ ደንበኞች ቢመጡ ዐሥር ሠራተኛ ሥራ ይፈታል፤ ፈጣን መሥመር ያለው የአዲስ አበባ ደንበኛም ሳይቀር ይጉላላል። ኤንጂንኤክስ ግን በተፈጥሮው የደንበኛውን መልእክት ጠብታ በጠብታ ራሱ ያጠራቅምና፣ ሙሉ ሲሆን ብቻ በአንድ ጊዜ ለጓዳው ያስረክባል። መልሱንም እንዲሁ ከጓዳው በፍጥነት ተቀብሎ፣ ለደንበኛው እንደ መሥመሩ አቅም ቀስ እያለ ይሰጠዋል።

ዳሩ ግን በዚያው ስፍራ አንድ ወጥመድ አለ። ይኸው በረኛ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር ከአንድ ሜጋባይት የበለጠ መልእክት አይቀበልም። በዛሬ ስልክ የተነሣ የንግድ ፈቃድ ወይም የግብር ከፋይ መለያ ሰነድ ፎቶግራፍ ከዚህ መጠን በቀላሉ ያልፋል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው መልስ 413 ነው፤ ፋይሉ ከልኩ አልፏል ማለት ነው። ደንበኛው በደካማ መሥመር ያን ሁሉ ደክሞ፣ ምክንያቱም ሳይገለጽለት፣ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቁጥሩ 413 ከሆነ ግን የሚያጽናና ነገር አለ፤ ጓዳው ምንም አላየምና ፎቶግራፉን አሳንሶ መላክ ምንም ጉዳት የለውም። የድረ ገጹ ባለቤት ደግሞ የሚቀበለውን የሰነድ ልክ በበረኛው ላይ አስፍቶ መጻፍ አለበት። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ሳይደረግ ደንበኛን ማባረር ያሳዝናል።

የፈቃድ ማደሻ ቅጽ ወይም ረጅም የትእዛዝ ዝርዝር እየሞላ ሳለ በድንገት «እንደ ገና ይግቡ» የሚባል ሰውም አለ። የይለፍ ቃሉን አልተሳሳተም፤ ሥራ ያስጀመረው አንደኛው የጓዳ ሰርቨር ሲሆን፣ ቀጣዩን ገጽ በረኛው ለሁለተኛው ሰጥቶበት ነው። ሁለተኛው አያውቀውም። በቶምካትና በአፓቼ አሠራር ለእያንዳንዱ የጓዳ ሰርቨር ስም ይሰጠዋል፤ ስሙም በደንበኛው የመታወቂያ ቁጥር ጫፍ ላይ ስለሚጻፍ በረኛው ደንበኛውን ወደ ጀመረበት ይመልሰዋል። ስሙ በበረኛው ላይ አንድ፣ በጓዳው ላይ ሌላ ሆኖ ሲጻፍ ነው ችግሩ የሚመጣው፤ የአንዲት ፊደል ስሕተት ይበቃል።

አንዱ ሲያጠፋ አገር እንዳይታገድ

በረኛው ሁሉን ጉዳይ በራሱ እጅ ስለሚያስተላልፍ፣ ለጓዳው ሰርቨር ደንበኛው ሁሉ አንድ ሰው ሆኖ ይታየዋል፤ የሁሉም አድራሻ የበረኛው አድራሻ ነውና። አሁን አንድ ሰው በዱራሜ የይለፍ ቃሉን አምስት ጊዜ ተሳሳተ እንበል። ጓዳው «ይህ አድራሻ ሌባ ነው» ብሎ ያግደዋል፤ የታገደው ግን በረኛው ራሱ ስለሆነ፣ ከዱራሜ እስከ ጊምቢቹ፣ ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ ያለ ደንበኛ ሁሉ አብሮ ይታገዳል። ይህ እንዳይሆን በረኛው የእውነተኛውን ደንበኛ አድራሻ «ኤክስ ፎርዋርደድ ፎር» በሚባል ማስታወሻ ላይ ጽፎ ያሳልፋል፤ ጓዳውም ይህን እንዲያነብ ይታዘዛል። ማስታወሻውን ማመን የሚገባው ግን ከራሱ በረኛ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ማንም መንገደኛ የሐሰት ማስታወሻ ይዞ ሊመጣ ይችላልና። የስልክ ኩባንያዎችም ብዙ ደንበኞችን በአንድ የወል አድራሻ የማውጣት ልማድ ስላላቸው፣ አድራሻን ብቻ አይቶ ማገድ ቀድሞውንም አስተዋይነት አይደለም።

በረኛ ማቆም ዋጋ የሚኖረው ደግሞ የጓዳው የኋላ በር የተዘጋ እንደሆነ ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. «ጎስትካት» የተባለ የቶምካት ጉድለት በዓለም ዙሪያ ተገለጠ። ቶምካት ከበረኛው ጋር ብቻ የሚነጋገርበት 8009 የተባለ ወደብ፣ ከፋብሪካው ሲመጣ ለማንም ክፍት ሆኖ ነበር። በዚህ በኩል የገባ ሰው በሰርቨሩ ውስጥ ያሉትን የሥራ ፋይሎች ማንበብ ይችል ነበር፤ ከፋይሎቹም መካከል የመዝገቡ የይለፍ ቃል የተጻፈበት ሊገኝ ይችላል። ጉድለቱ በ9.0.31፣ በ8.5.51 እና በ7.0.100 እትሞች ታርሟል። ከእነዚህ እትሞች በፊት ባለው የሚሠራ ሰው ዛሬም ያው አደጋ አለበት። ፊት ለፊቱን በጥበቃ አሳጥሮ የመጋዘኑን የጓሮ በር ክፍት የተወ ነጋዴን የሚመስል ነገር ነው።

የራሱን ድረ ገጽ ለሚያሠራ ነጋዴ

በሀገሪቱ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት በጥር 2012 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀመረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆነች፤ መሥሪያ ቤቶችም በዙ። እንግዲህ የሆሳዕና ነጋዴ የሌሎችን ድረ ገጽ ተጠቃሚ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሆቴሉ ክፍል ማስያዣ፣ የእህል ነጋዴው የስንዴ ማዘዣ፣ የሀደሮ ዝንጅብል ላኪ ከውጭ ደንበኞቹ ጋር መገናኛ የራሱን ገጽ ያሠራል። ባለሙያ ፍለጋም ሩቅ መሄድ የለበትም፤ የከተማይቱን የቀድሞ ስም የያዘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናም በዱራሜም ያስተምራል።

ለአነስተኛ ንግድ በረኛውና ጓዳው በአንድ የኪራይ ሰርቨር ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ኤንጂንኤክስም ሆነ አፓቼ፣ ቶምካትም ጭምር፣ ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ወጪው የባለሙያው የድካም ዋጋ ነው። ይህን ዋጋ የሚከፍል ሰው በውሉ ላይ የገጹን መልክ ብቻ ሳይሆን የበረኛውንም ሥልጣን ማስጻፍ ይገባዋል፤ ስንት ሴኮንድ እንደሚጠብቅ፣ ክፍያን እንዳይደግም፣ እስከ ምን ልክ ያለ ሰነድ እንደሚቀበል፣ የጓዳው ወደብ ለውጭ ሰው ዝግ መሆኑን። የቅንብሩም ገጽ ቅጂ በነጋዴው እጅ መቀመጥ አለበት፤ ባለሙያው ነገ ሌላ ሥራ ይዞ ቢሄድ ተተኪው ከባዶ እንዳይጀምር ነው።

ዕቃ የሚረከብ ነጋዴ ከረጢቱን ሳይቈጥርና ሳይመዝን አይፈርምም። ድረ ገጽም እንዲሁ ተቈጥሮ የሚረከቡበት መንገድ አለ። ባለሙያው የጓዳውን ሰርቨር ሆን ብሎ 90 ሴኮንድ እንዲዘገይ ያደርገዋል። ነጋዴው በራሱ ስልክ አንድ የሙከራ ትእዛዝ ያዝዛል፤ መልስ ሲዘገይበት እንደ ልማዱ ሁለተኛ ይጫናል። ከዚያም ትእዛዙ በመጓዝ ላይ ሳለ አንደኛው የጓዳ ሰርቨር እንዲጠፋ ተደርጎ ሙከራው ይደገማል። በመጨረሻ ሁለቱ አብረው መዝገቡን ከፍተው ይቈጥራሉ። ለእያንዳንዱ ሙከራ የተጻፈው ትእዛዝ አንድ ከሆነ የቀረው ሒሳብ ይከፈላል፤ ሁለት ሆኖ ከተገኘ ግን ባለሙያው ወደዚያች ገጽ ይመለሳል።